ከምድጃው አስቀድሞ ጭስ ማውጫውን

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በዴንቨርና በሌሎችም ቁር በሚበረታባቸው የአሜሪካ ከተሞች ቤት የገዙ ወገኖቻችን ከቤቱ ቁልፍ ጋር አብረው ከሚረከቧቸው ነገሮች አንዱ፣ በሳሎኑ ግድግዳ ውስጥ በጡብ የታነጸው፣ አፉን ከፍቶ የተቀመጠው፣ የአገሬው ሰው ፋየርፕሌስ የሚለው ምድጃ ነው። የዚህ ምድጃ ዕጣ በብዙዎቻችን ቤት የታወቀ ነው፤ ከበላዩ ትልቁ ቴሌቪዥን ይሰቀልበታል፣ በመደርደሪያው ላይ የሠርግና የምረቃ ፎቶግራፍ ይደረደርበታል፣ በጠቆረው ጉሮሮው ውስጥ ደግሞ የፕላስቲክ አበባ ወይም በባትሪ የሚበራ ሻማ ይቀመጥበታል፤ በገና ሰሞን እንግዳ በተሰበሰበበት ምሽት ከመደብር የተገዛ አንድ እስር ፍልጥ ይነድበትና እስከ ዓመቱ ተረስቶ ይቀራል።

በዚያች ምሽት ግን ነገሩን ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው የሚያስገርም ነገር ያያል፤ ከእሳቱ ፊት የተቀመጠው እንግዳ ጉልበቱ ሲለበለብ ጀርባውን ይበርደዋል፣ በላይኛው ፎቅ የተኛው ሕፃን ደግሞ እሳት ካልነደደበት ሌሊት ይልቅ ብርድ ልብስ ይፈልጋል። የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ስለ አራቱ ባሕርያት ሲያስተምሩ ለእሳት ውዕየትን (ሙቀትን)፣ ይብሰትንና (ድርቀትንና) ብርሃንን ይሰጡታል፤ በዚሁ ትምህርት ቋንቋ ለመናገር ቢፈቀድልኝ፣ ክፍቱ የጡብ ምድጃ ብርሃኑን ለቤተሰቡ አስቀርቶ ውዕየቱን ለሰማይ የሚገብር ዕቃ ነው። እንጨቱ ከሚሰጠው ሙቀት በቤቱ ውስጥ የሚቀረው ከመቶ 10 እጅ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ይባስ ብሎ እሳቱ ለመንደድ ከሚያሻው እጅግ የበዛ አየር ከሳሎኑ እየሳበ በጭስ ማውጫው ስለሚያስወጣ፣ በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ ወጪ የሞቀው የቤት አየር አብሮት ይሄዳል፤ በሄደውም ፈንታ የውጭው ቁር በመስኮትና በበር ስንጥቅ ሰተት ብሎ ይገባል።

ይህ ብክነት ትናንት የታወቀ አይደለም። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በፊላደልፊያ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1742 በጡቡ ምድጃ ውስጥ የሚቆም የብረት ምድጃ ፈለሰመ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ስለ አሠራሩ የሚያስረዳ አንዲት አነስተኛ መጽሐፍ አሳተመ፤ የፔንሲልቫኒያው አገረ ገዢ ለብቻው የመሸጥ መብት ሊሰጠው ቢፈቅድም፣ ፈጠራው የሁሉ ይሁን ብሎ ሳይቀበል ቀረ። ልግስናው የሚያስመሰግን ነው፤ ምድጃው ግን እንደ አሳቢው ዝና አልሠራም፤ ጭሱ ሽቅብ ከመውጣቱ በፊት ቁልቁል ወርዶ እንዲዞር ተደርጎ ስለ ነበር፣ ሙቀቱን በመንገድ ጨርሶ ከጭስ ማውጫው ሥር ሲደርስ ወደ ላይ የሚያነሣው ኃይል አጣ፣ ሳሎኑም በጢስ ታፈነ። ከብዙ ዓመታት በኋላ የዚያው ከተማ ሊቅ ዴቪድ ሪተንሃውስ የጭሱን መንገድ በቀጥታ ወደ ላይ ሲያዞረው ነው ነገሩ የተቃናው። በማሳቹሴትስ ተወልዶ በአውሮፓ የገነነው ካውንት ራምፎርድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1796 ባሳተመው ድርሰቱ፣ ብረት ሳይጨምር፣ የጡቡን ምድጃ ጥልቀት በመቀነስ፣ ጎንና ጎኑን ወደ ክፍሉ በማስፋትና የጭሱን ጉሮሮ በማጥበብ ብቻ ሙቀቱ ወደ ሰው እንዲመለስ አደረገ። ከእነዚህ ሊቃውንት ሥራ የምንማረው፣ በምድጃ ላይ የሚፈርደው ጭስ ማውጫው መሆኑን ነው፤ እኔም በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሻው ይህንኑ ሲሆን፣ ምድጃ ለመግዛት የተነሣ ወገናችን ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ግን የትኛው ስም ይሻላል፣ የትኛውስ መስተዋት ያምራል የሚለውን ነው።

እሳትን ከብቦ መያዝ ለእኛ እንግዳ ጥበብ ሊሆን አይገባም። በአገር ቤት ከሲሚንቶ ተቀላቅሎ በቅርጽ የሚወጣው ምርጥ ምድጃ በምጣዱ ሥር ያለውን እሳት ዙሪያውን ከልሎ በመያዙ ብቻ፣ በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እሳት ጋር ሲነጻጸር፣ የሚፈጀውን እንጨት በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ እንጀራ የጋገረች እናት ሁሉ ልዩነቱን ታውቀዋለች። ነጋዴዎቹ ኢንሰርት የሚሉት፣ በጡቡ ምድጃ አፍ ገብቶ የሚቀመጠው የብረት ምድጃም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ሙቀት የሚችል መስተዋት ያለው በር እሳቱን ይዘጋበታል፤ አየሩ በልክ ይገባል፤ ከላይ በተደረደሩት ቀዳዳዎች የሚገባው የጋለ አየር ደግሞ ከእንጨቱ የተነሣውን ጢስ ራሱን ዳግመኛ ያነደዋል፤ በመስተዋቱ ውስጥ ከፍልጡ በላይ ተንሳፎ የሚታየው ሰማያዊና ቢጫ ነበልባል ጢሱ ሲቃጠል ነው። በደንብ የተሠራ ኢንሰርት በዚህ ብልሃት ከእንጨቱ ሙቀት ከመቶ 70 እጅ በላይ ለቤቱ ያስቀራል።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ምድጃችሁ በእውነት የጡብ መሆኑን ከሁሉ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና ከዚያ ወዲህ በተሠሩ ብዙ ታውንሃውሶች ውስጥ ያለው ምድጃ ፊቱ ጡብ ይልበስ እንጂ ሆዱ ቆርቆሮ ነው። ይህን ለመለየት የእጅ ባትሪ ይበቃል፤ ወደ ውስጥ አብርታችሁ ስታዩ ግድግዳው በጡብ መልክ የተሣለ ቀጭን ሰሌዳ ከሆነ፣ በጎኑ የአምራቹ ስምና ቁጥር የታተመበት የብረት ምልክት ካለ፣ ከደጅ ወጥታችሁ ስታንጋጥጡም ጭስ ማውጫው እንደ ቤቱ ግድግዳ በጣውላ ወይም በፕላስቲክ ተሸፍኖ ከአናቱ ክብ የብረት ቧንቧ ብቅ ካለ፣ ያ ምድጃ ከፋብሪካ ተሠርቶ የመጣ ነው። እንዲህ ባለው ውስጥ ለእርሱ ተፈትኖ ከተፈቀደለት በቀር ማንኛውንም ኢንሰርት መክተት እሳትን ከቤቱ እንጨት ጋር ማወዳጀት ነው፤ ሻጩ ይገባል ቢላችሁ፣ የሁለቱንም አምራቾች ጽሑፍ አሳየኝ በሉት።

ምድጃው የጡብ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ዋናው ጉዳይ ይመጣል። በአንድ የቆየ ቤት ጭስ ማውጫ ውስጥ ያለው የሸክላ ቱቦ በየጎኑ 12 ኢንች ቢሆን የጭሱ መተላለፊያ 144 ካሬ ኢንች ይሆናል፤ ለዘመኑ የብረት ምድጃ ብዙ ጊዜ የሚታዘዝለት ባለ 6 ኢንች ክብ ቱቦ ግን 28 ካሬ ኢንች ብቻ ነው፤ ይኸውም ከአምስት አንድ ያህል መሆኑ ነው። ክፍቱ ምድጃ ያን ሰፊ ጉሮሮ የሚሞላ ብዙ ትኩስ አየርና ጭስ ነበረው፤ የብረቱ ምድጃ ግን ቆጣቢ በመሆኑ ወደ ላይ የሚልከው ጭስ ጥቂት ነው፤ ይህ ጥቂት ጭስ በሰፊውና በቀዝቃዛው ሸክላ መካከል ሲገባ እርምጃው ይዘገያል፣ ሙቀቱ ይከዳዋል፣ የያዘው እንፋሎትና ቅጥራን በግድግዳው ላይ ይረጋል። ክሪዮሶት የሚባለው ይህ ነው። መጀመሪያ እንደ ጥላሸት በመጥረጊያ ይረግፋል፤ ሲውል ሲያድር እየጠጠረ ይቀረፋል፤ በመጨረሻም ወደ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ሽፋን ተለውጦ መጥረጊያ አይነካውም። አንድ ሌሊት ፍንጣሪ ያገኘው እንደ ሆነ ጭስ ማውጫው ራሱ ይነዳል፤ ሙቀቱ እስከ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ሊደርስ ስለሚችል ሸክላው ይሰነጠቃል፣ ከጡቡ ኋላ ያለውም የጣራ እንጨት ይያያዛል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ በናረ ጊዜ አያሌ የብረት ምድጃዎች ያለ አንዳች ቱቦ ወደ ጡቡ እየተገፉ ገብተው ነበር፤ ከእነዚያ አንዳንዶቹ አሮጌ ቤት ስንገዛ ዛሬም አብረው የሚሸጡልን ናቸው።

ስለዚህ ላይነር የሚሉት የማይዝግ ብረት ቱቦ ከምድጃው አንገት ተነሥቶ እስከ ጭስ ማውጫው አናት ሳይቋረጥ ሊወጣ ይገባዋል፤ ጭስ ማውጫው በቤቱ መካከል ሳይሆን በውጭው ግድግዳ ላይ የተሠራ እንደ ሆነ ደግሞ ቱቦው በሙቀት መከላከያ ይጠቀለል፤ አለዚያ በጥር ወር ሌሊት ውርጩ በሦስት ጎን የሚመታው ጡብ ጭሱን ያቀዘቅዘዋል። ሌላም ጥቂት ሰው የሚያስተውለው ነገር አለ፤ ከምድጃው በላይ በጉሮሮው ላይ ለቱቦው ብቻ ቀዳዳ ያለው የብረት ክዳን ካልተገጠመ፣ በቱቦው ዙሪያ የቀረው ባዶ ቦታ የምድጃውን ሙቀት ከጀርባው እየሳበ ወደ ላይ ይወስደዋል፤ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር የፈሰሰበት ሥራም ይህ ቁራጭ ብረት ስለ ጎደለ ብቻ ብዙ ጥቅሙን ሊያጣ ይችላል። ምድጃ የሚገጥሙ ሠራተኞች ዋጋ ለመቀነስ ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚተዉት ይህንኑ ክዳን ነው። ዋጋ ሲነገራችሁ የምድጃው ብቻ፣ የቱቦው ብቻ፣ የመከላከያው ብቻ፣ የክዳኑ ብቻ፣ የእጅ ሥራው ብቻ ተለያይቶ እንዲጻፍ ጠይቁ፤ ገንዘቡ የማይበቃ ሲሆንም ከምድጃው ጌጥ ቀንሱ እንጂ ከቱቦው አትቀንሱ።

ጋዝ ይሻላል ወይስ እንጨት የሚለው ጥያቄ ብዙ ክርክር ይነሣበታል፤ በእኔ ፍርድ ግን መልሱ ያለው በቤቱ ሰዎች የሥራ ሰዓት ነው። ባል በታክሲ ወይም በጭነት መኪና ሌሊቱን ሲያሽከረክር አድሮ፣ ሚስት በሆስፒታል የሁለት ፈረቃ ሥራ ውላ፣ ልጆች በየትምህርት ቤታቸው በሚበተኑበት ቤት የእንጨት እሳት ማን ይጠብቃል? ማን ፍልጥ ይጨምራል፣ ማንስ አመድ ያወጣል? እንዲህ ላለው ቤት፣ የጋዝ መስመር እስካለ ድረስ፣ በጭስ ማውጫው ውስጥ ሁለት ቱቦ የሚሰደድለት፣ በአንደኛው ከደጅ አየር የሚቀበልና በሁለተኛው ጭሱን የሚያስወጣ፣ መስተዋቱ የታሸገ የጋዝ ኢንሰርት ይበልጣል፤ ለልጇ አራስነት ከአገር ቤት መጥታ በየካቲት ብርድ ለተያዘች እናት ቁልፍ ተጭና የምታበራው እሳት እንጨት ከመሸከም ይሻላታል። ጭስ ማውጫ አያሻውም ተብሎ የሚሸጠውን የጋዝ እሳት ግን አልመክርም፤ የቃጠሎው ትነት ሁሉ ቤተሰቡ በሚተነፍሰው አየር ውስጥ ስለሚቀር የካሊፎርኒያ ግዛት በመኖሪያ ቤት ውስጥ እንዳይገባ ከልክሎታል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ደግሞ እሳትን የሚመስል ሥዕል ያለበት ተራ ማሞቂያ ነው፤ ለዓይን ከሆነ ይሁን።

በሌላ በኩል ጊዜ ላለው፣ ከቤቱ ጓሮ ፍልጥ የሚደረድርበት ቦታ ላለው፣ መብራት ሲጠፋ ቤቱ እንዳይቀዘቅዝ ለሚሻ ሰው የእንጨቱን ኢንሰርት የሚያህል ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2010 ዋሽንግተንንና አካባቢዋን የሸፈነው ታላቅ በረዶ አያሌ ቤቶችን ያለ መብራት ባስቀረ ጊዜ፣ ማሞቂያው የጋዝ ሆኖ ሳለ ሞቃቱን አየር የሚገፋው ማራገቢያ በኤሌክትሪክ የሚዞር በመሆኑ ስንቱ ቤተሰብ ካፖርቱን ለብሶ አደረ። ይህን የሚፈራ ሰው ከግድግዳው ጋር እኩል ሆኖ የሚቀመጠውን ኢንሰርት ሳይሆን ጥቂት ወደ ክፍሉ ወጣ ያለውን ይምረጥ፤ የፊተኛው ሙቀቱን ለማድረስ ማራገቢያ ሲሻ፣ ሁለተኛው ግን ከብረት ገላው ራሱ ሙቀት ይረጫል። ወጣ ባለ መጠን ግን በፊቱ ያለው የማይቃጠል ወለል ሊረዝም፣ ከበላዩም ያለው የእንጨት መደርደሪያ የታዘዘውን ርቀት ሊጠብቅ ይገባል፤ ያ ቴሌቪዥን ደግሞ ሌላ ግድግዳ ይፈለግለት።

ስለ መጠኑ ብዙ አልልም፤ ትልቅ ይበልጣል የሚለው አስተሳሰብ በምድጃ ላይ አይሠራም። የእሳት ሆዱ 3 ኪዩቢክ ፉት የሆነ ምድጃ በትንሽ ሳሎን ቢገባ ቤተሰቡ ሙቀቱን ስለማይችለው አየሩን አፍኖ ያነደዋል፤ የታፈነ እሳትም ጢስና ክሪዮሶት ይወልዳል። ጢሱን ለማቃጠል የሚረዳ ካታሊስት የሚባል ክፍል ያለው ዓይነት ሌሊቱን ሙሉ በዝግታ ለሚያነድ ይጠቅማል፤ ካታሊስቱ ግን ከዓመታት በኋላ ይደክማልና መተኪያው ዋጋ አለው፤ ማታ ማታ ብቻ ለሚያነድ ካታሊስት የሌለው ይበቃል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በእንጨት ምድጃ ላይ የመጀመሪያውን የጢስ ሕግ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ሲሆን፣ ከግንቦት 2020 ጀምሮ አዲስ የሚሸጥ ምድጃ በተለመደው ፈተና በሰዓት ከ2 ግራም የበለጠ የጢስ ብናኝ እንዳይለቅ ተደንግጓል፤ ይህንንም የሚመሰክር ጽሑፍ በምድጃው ላይ ይለጠፋል። እርግጥ የዚያው መሥሪያ ቤት ዋና ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2023 ምድጃዎቹ በትክክል ለመፈተናቸው በቂ ማረጋገጫ የለም ብሎ ወቅሷል፤ ይሁን እንጂ የተለጠፈበት ምድጃ ከሰው ጋራዥ በርካሽ ከሚገኘው ምንም ጽሑፍ ከሌለበት አሮጌ ብረት ሳይሻል አይቀርም።

እንጨቱ የምድጃውን ያህል ነገሩን ይወስናል። ይብሰት የእሳት ባሕርይ ነው ካልን፣ ርጥብ እንጨት የሚያነድ ሰው እሳቱን ከገዛ ባሕርዩ ጋር እያጣላው ነው፤ ገና ከተቆረጠ ዛፍ ክብደት ግማሽ ያህሉ ውኃ ሊሆን ይችላልና፣ ሙቀቱ ቤት ከማሞቅ ይልቅ ያን ውኃ በማትነን ያልቃል። ለምድጃ የሚገባው ፍልጥ ርጥበቱ ከመቶ 20 እጅ ያነሰ ነው፤ ለዚህም ተፈልጦ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ተደርድሮ፣ አናቱ ብቻ ተሸፍኖ ጎኑ ለነፋስ ተትቶ ቢያንስ አንድ በጋ፣ የኦክ ዛፍ ከሆነ ሁለት ዓመት ያህል ሊቆይ ይገባዋል። ሻጩ ደረቅ ነው ቢላችሁ በጥቂት ዶላር የሚገዛውን ባለ ሁለት መርፌ የርጥበት መለኪያ ይዛችሁ ሂዱ፤ መርፌውንም በፍልጡ ውጫዊ ገጽ ላይ ሳይሆን፣ አንዱን ፍልጥ እዚያው አስፈልጣችሁ ከመካከሉ በተከፈተው አዲስ ገጽ ላይ ትከሉት፤ ውጩ ደርቆ ልቡ ርጥብ የሆነ እንጨት በዚህ ይጋለጣል። የሚገዛበት መለኪያም ኮርድ ይባላል፤ በጥብቅ የተደረደረ 128 ኪዩቢክ ፉት ማለት ነው፤ አንድ ፒክአፕ ሙሉ ተብሎ የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ በእጅጉ ያንሳል።

የከሰል ነገር እዚህ ላይ ይነሣ። በአገራችን ደጋማ ቦታዎች የከሰል ማንደጃ ወደ መኝታ ቤት አስገብተው፣ በርና መስኮት ዘግተው ተኝተው ሳይነሡ የቀሩትን ሰዎች ዜና ያልሰማ የለም። ገዳዩ ሽታም መልክም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ በጭስ ማውጫ ውስጥ ወፍ ጎጆ ቢሠራ ወይም ቱቦው ቢሰነጠቅ ይኸው ጋዝ በሜሪላንድ ሳሎንም ውስጥ ይሞላል። በእያንዳንዱ ፎቅና በመኝታ ክፍሎቹ አጠገብ የማስጠንቀቂያ ደወል ይተከል፤ የቡና ከሰል ማንደጃውም ከነፍሙ በጡቡ ምድጃ ውስጥ ቢቀመጥ ጭሱ ሽቅብ ይሄዳል ብሎ የሚያስብ ካለ ይተወው፤ ፍም ጭስ ማውጫውን የሚያሞቀው ጥቂት ስለ ሆነ ጋዙ ወደ ክፍሉ ሊመለስ ይችላል።

ይህን ሁሉ ካነበበ በኋላ፣ ቤቴ በጥሩ ማሞቂያ ይሞቃል፣ ጊዜም ጓሮም የለኝም፣ የምፈልገው የወር ወጪዬ እንዲቀንስ ብቻ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ለእርሱ የምሰጠው ምክር ምንም ምድጃ አትግዛ የሚል ነው፤ የጡቡን ጉሮሮ በሚገባ ይዝጋው፣ ሞቃት አየሩም በዚያ መውጣቱን ያቆማል፤ ከሁሉ ርካሹ ቁጠባ ይህ ነው። ለመግዛት የቆረጠ ግን ከካውንቲው ፈቃድ ያውጣ፣ ለቤቱ መድን ድርጅትም በጽሑፍ ያስታውቅ፤ ያለ ፈቃድ የተገጠመ ምድጃ ቤት ቢያቃጥል የመድን ድርጅቱ በክፍያው ሊከራከር ይችላልና።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ወደ ምድጃው ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የጭስ ማውጫ ጠራጊ ጥሩ፤ የአሜሪካ የጭስ ማውጫ ደኅንነት ኢንስቲትዩት የምስክር ወረቀት ያለው ይሁን፤ ቤት ሲሸጥ ወይም ምድጃ ሲለወጥ የሚታዘዘውን፣ ሁለተኛ ደረጃ የሚባለውን ምርመራ በካሜራ እንዲያደርግላችሁ፣ ያየውንም በፎቶግራፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁት። መስከረምና ጥቅምት ሁሉም ሰው እሳት የሚያስብበት ወራት ስለ ሆነ ወረፋው ይረዝማል፤ በሚያዝያና በግንቦት ግን ጠራጊው ሥራ ፈላጊ ነው፤ በዚያ ወራት የደወለ ሰው ቱቦውም ምድጃውም ተገጥሞለት ለጥቅምት ይደርሳል።